ሚዛን ላይ የሚቆመው ሰውዬ እና ኬጅ ውስጥ የሚገባው ሰውዬ

የዛሬው ወሬያችን የሚጀምረው ከአንድ ፎጣ ነው።

ጊዜው ኤፕሪል 2017 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቦታው አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ። የዩኤፍሲ የላይት ሄቪዌት ሻምፒዮን ዳንኤል ኮርሚየር በማግስቱ ቀበቶውን ይዞ ከአንቶኒ ጆንሰን ጋር ሊፋለም ነው። የምድቡ ገደብ 205 ፓውንድ፣ በኛ 93 ኪሎ ነው። ኮርሚየር ሚዛን ላይ ወጣ። 206.2 ፓውንድ። ከግማሽ ኪሎ በላይ ትርፍ አለው። ቀበቶ በሚያዝበት ግጥሚያ ላይ ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ገደቡ ገደብ ነው።

ሰውዬው ወርዶ ሄደ። ሦስት ደቂቃ እንኳን በቅጡ ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ልብሱን በሙሉ አወለቀ፣ ሰዎች ከፊቱ ፎጣ ወጥረው ያዙለት። ሚዛኑ ላይ ቆሞ እጆቹን ፎጣው ላይ አሳረፈ። ተነበበ፦ 205። ልክ!

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ኪሎ እንዴት ይወርዳል? አይወርድም። ሰዎች የወጠሩት ፎጣ ላይ ክንድህን ካሳረፍክ ግን ከክብደትህ የተወሰነውን ፎጣው ይሸከምልሃል። የነጻ ትግል ሰዎች ቪዲዮውን ሲያዩ «ይሄማ የድሮ ዘዴ ነው» አሉ። ውጤቱ ግን ጸና፤ በማግስቱ ግጥሚያው ተደረገ፣ ኮርሚየር በሁለተኛው ዙር ጆንሰንን አንቆ አሸነፈ። ፎጣ መንካት የተከለከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዓለም ሳቀ። እኛም ቪዲዮውን አይተን ስቀናል። ቆይ ግን፤ አንድ የ38 ዓመት ሰው፣ ያውም የዓለም ሻምፒዮን፣ ለግማሽ ኪሎ ብሎ ራቁቱን ፎጣ ላይ እስከመደገፍ የሚያደርሰው ምንድን ነው? መልሱ ያን ያህል አያስቅም። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

«የ70 ኪሎ ተፋላሚ» የሚባለው ማነው?

መጀመሪያ የኛን ጥፋት እንናገር። ስለ ኤምኤምኤ ስንጽፍ «የ70 ኪሎው»፣ «የ84 ኪሎው» እያልን እንጽፋለን። አንባቢ ታዲያ ሰውዬው 70 ኪሎ የሚመዝን ይመስለዋል። ልክ አይደለም። ያ ቁጥር ሰውዬው አርብ ጠዋት ለጥቂት ሰከንዶች የነበረው ክብደት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እሱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኤፍሲ የወንዶቹ ምድቦች 56.7፣ 61.2፣ 65.8፣ 70.3፣ 77.1፣ 83.9፣ 93 እና 120.2 ኪሎ ናቸው። የሴቶቹ ከ52.2 ይጀምራል። ቀበቶ በሌለበት ግጥሚያ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ ይታለፋል። ተፋላሚዎቹ ሚዛን የሚወጡት ግን ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀድመው ነው። አርብ ጠዋት ተመዝነው ቅዳሜ ማታ ይገባሉ። እዚህ አዲስ አበባ ሆነን ለምናየው ደግሞ የአሜሪካዎቹ ትልልቅ ግጥሚያዎች ብዙ ጊዜ እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀምሩት። በሚዛኑና በፍልሚያው መሀል ከ30 ሰዓት በላይ አለ ማለት ነው።

በዚህ 30 ሰዓት ውስጥ ሰውዬው ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አርብ ጠዋት ጉንጩ ገብቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ያያችሁት ሰው ቅዳሜ ማታ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። ኮነር ማክግሪገር በ65.8 ኪሎ ይፋለም በነበረበት ጊዜ ሚዛን ላይ የተነሳቸውን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ፤ ፊቱ አጥንት ብቻ ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንስራ። በ70.3 ኪሎ የተመዘነ ተፋላሚ እስከ ፍልሚያው ሰዓት ድረስ ከክብደቱ 10 በመቶ ቢመልስ 77.3 ኪሎ ይሆናል። ቀጣዩ ምድብ ስንት ነበር? 77.1። ስለዚህ «70 ኪሎ» ተብሎ የሚገባው ሰውዬ በትክክለኛ ቁመናው ከሱ በላይ ካለው ምድብ ገደብ ያልፋል። ከሱ በላይ ያሉትም እንደሱው ከላይ የወረዱ ናቸው። አብዛኛው ሰው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው የሚጫወተው።

ነገሩ ውሃ ነው

አሁን «ታዲያ በአንድ ሳምንት ያን ሁሉ ኪሎ እንዴት ያወርዱታል?» ትሉ ይሆናል። ስብ በአንድ ሳምንት እንደዚያ አይወርድም። የሚወርደው ውሃ ነው።

ስቲም ገብቶ የወጣ ሰው «ሁለት ኪሎ ቀነስኩ!» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሚዛኑ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የቀነሰው ስብ ሳይሆን ላብ ነው፤ ቤቱ ገብቶ ሃይላንዱን ሲጠጣ ይመለሳል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ተፋላሚዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የሚያወጡት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎ መሆኑ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሦስት ደርድራችሁ እዩት። ያን ያህል ውሃ ነው ከአንድ ሰው አካል ተጨምቆ የሚወጣው።

አሰራሩ ደረጃ አለው። ከፍልሚያው በፊት ባሉት ሳምንታት እንደማንኛውም ሰው ምግብ ቀንሰው፣ ስፖርት ጨምረው ስብ ያቃጥላሉ። ይሄ ጤነኛው ክፍል ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ነገሩ ይቀየራል።

አንደኛ፣ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ዳቦውን ያቆማሉ። ከእነዚህ የሚገኘው ኃይል ጡንቻና ጉበት ውስጥ ሲከማች እያንዳንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ጨው ያቆማሉ። ጨው ውሃ ይይዛል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚገርመው ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ውሃ በብዛት ይጠጣሉ፤ በቀን ሰባት ስምንት ሊትር የሚጠጡ አሉ። ኩላሊት «ውሃ በዝቷል» ብሎ ቶሎ ቶሎ ማስወጣት ይለምዳል። ከዚያ መጠኑን በየቀኑ እየቀነሱ በመጨረሻው ቀን ጭራሽ ያቆሙታል። ኩላሊቱ ግን ወዲያው አይገባውም፤ ለተወሰነ ጊዜ እንደለመደው ማስወጣቱን ይቀጥላል።

አራተኛው የመከራው ሰዓት ነው። በጣም የሞቀ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ይነከራሉ፣ ወጥተው በፎጣና በብርድ ልብስ ይጠቀለላሉ፣ ሳውና ይገባሉ፣ ላብ የሚያስወጣ የላስቲክ ልብስ ለብሰው ይሮጣሉ። አሰልጣኞቻቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ላባቸውን እየጠረጉ «ሌላ አምስት ደቂቃ፣ ሌላ አምስት ደቂቃ» ይሏቸዋል። በስተመጨረሻ ላቡም አልወጣ ይላል። ያኔ ማስቲካ እያኘኩ ምራቅ የሚተፉ አሉ። አዎ፣ ምራቅም ይመዝናል።

«እኛ ሀገር ጾም ይጾም የለ እንዴ? ውሃ ሳይጠጡ መዋል ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሳይጠጡ መዋል አንድ ነገር ነው፤ በደረቀ አካል ላይ ሙቀት ጨምሮ ያለችውንም በግድ ማውጣት ሌላ ነው።

አንዱ ሲጋፋ ሁሉም ይጋፋል

«ታዲያ ለምን አይተዉትም? በኪሏቸው አይጫወቱም እንዴ?» ጥሩ ጥያቄ ነው።

የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ሁሉም በተራው ቢገባ ማንም አይጎዳም። አንድ ሰው መጋፋት ሲጀምር ግን ተራውን ጠብቆ የቆመው ሞኝ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጋፋል። መጨረሻ ላይ ታክሲው የሚይዘው ሰው ያው ነው፤ የተጨመረው የተቀደደ ልብስና የተረገጠ እግር ብቻ ነው። የኪሎውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሁሉም ስድስት ኪሎ ሲያወርድ ማንም በማንም ላይ ብልጫ አያገኝም። ብቻውን የሚተው ግን ስድስት ኪሎ ከሚበልጠው ሰው ጋር ሊገጥም ነው።

መጠን ደግሞ ቀልድ አይደለም። ናይጄሪያ ተወልዶ ኒውዚላንድ ያደገው እስራኤል አዴሳንያ ይህን በ2021 በራሱ ላይ አይቶታል። የ83.9 ኪሎ ሻምፒዮን ሳለ የ93ቱንም ቀበቶ ልውሰድ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሚዛን ላይ የፒዛ ካርቶን ይዞ መጣ፤ 200.5 ፓውንድ፣ ከገደቡ ሁለት ኪሎ ገደማ በታች። ፖላንዳዊው ያን ብላሆቪች ግን በመጨረሻዎቹ ዙሮች መሬት ላይ እየጣለ ተኛበት። አዴሳንያ በዳኞች ውጤት ተሸነፈ፤ በኤምኤምኤ ሕይወቱ የመጀመሪያ ሽንፈቱ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። ከኤምኤምኤ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ቦክስ እንሂድ። ፌብሩዋሪ 2000፣ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። አርቱሮ ጋቲ ከጆይ ጋማሽ ጋር ተጋጠመ። የተስማሙበት ክብደት 141 ፓውንድ፣ 64 ኪሎ ገደማ ነው። በፍልሚያው ምሽት ግጥሚያውን የሚያስተላልፈው ቴሌቪዥን ሁለቱንም እንደገና መዘናቸው። ጋማሽ 145፣ ጋቲ 160። በወረቀት ላይ እኩል የነበሩት ሰዎች ገመዱ ውስጥ ሲገቡ ወደ ሰባት ኪሎ የሚጠጋ ልዩነት ነበራቸው። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር ተዘረረ። አንጎሉ ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላ ቦክስ አልተጫወተም። ሚዛኑን በተቆጣጠረው ኮሚሽን ላይ ለዓመታት ተሟገተ፤ ዳኛው ኮሚሽኑ ቸልተኛ ነበር ቢሉም ካሳ ግን አልፈረዱለትም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት አደጋ አለ ማለት ነው። አንዱ ኪሎ በሚያወርደው ላይ፣ አንዱ ደግሞ ፊት ለፊቱ በሚቆመው ላይ።

አንድ ሰው፣ አራት ምድብ

ወደ ቡፋሎ እንመለስ። ያን ዕለት ከኮርሚየር ጋር የተመዘነው አንቶኒ ጆንሰን፣ «ራምብል» የሚሉት፣ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ምሳሌ እሱ ነው።

ጆንሰን ዩኤፍሲን የጀመረው በ77.1 ኪሎ ነው። ሰውዬው ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ አጥንቱ ትልቅ ነው። 77 መድረስ ለሱ በየጊዜው ስቃይ ነበር፤ ከአንድ ጊዜ በላይም ሚዛን ስቷል። በጃንዋሪ 2012 ወደ 83.9 ወጣና ብራዚል ውስጥ ከቪቶር ቤልፎርት ጋር ሊገጥም ሄደ። እዚያም አልሆነም፤ 197 ፓውንድ፣ 89 ኪሎ ከምናምን መዘነ። አምስት ኪሎ ትርፍ! በማግስቱ በመጀመሪያው ዙር ታንቆ ተሸነፈ፣ ዩኤፍሲም አሰናበተው። ብዙ ሰው «ሥነ ሥርዓት የሌለው፣ ሰነፍ» አለው።

ከዚያስ? ከዚያ ሰውዬው ከራሱ አካል ጋር መጣላቱን ተወ። በ93 ኪሎ ተጫወተ፣ በ2013 በሌላ ድርጅት ውስጥ በሄቪዌት የቀድሞውን የዩኤፍሲ ሻምፒዮን አንድሬ አርሎቭስኪን አሸነፈ። በ2014 ዩኤፍሲ መልሶ ጠራው። በ93 ኪሎ የሚመታው ሁሉ ይወድቅ ጀመር፤ በምድቡ በጣም የሚፈራ ተፋላሚ ሆነ፣ ሁለት ጊዜም ለቀበቶ ደረሰ። ያው ሰው ነው። «ሰነፍ» የተባለው ሰው ችግሩ ስንፍና አልነበረም፤ ለዓመታት በማይሆነው ምድብ ውስጥ ተጨምቆ ነበር። ጆንሰን በ2022 በሕመም አርፏል፤ ነፍስ ይማር።

ዋጋው

ኮርሚየርስ? የፎጣው ሰውዬ የኋላ ታሪክ ከጆንሰን ይብሳል።

በ2008 ኮርሚየር የአሜሪካ የነጻ ትግል ቡድን አምበል ሆኖ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ሄዶ ነበር። ምድቡ 96 ኪሎ ነው። ኪሎ ሲያወርድ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ፤ ሆስፒታል ገባ። አራት ዓመት የተዘጋጀበትን ኦሎምፒክ አንድም ጊዜ ሳይታገል ተመለሰ። ኤምኤምኤ ውስጥ ሲገባ በሄቪዌት ነበር የጀመረው፤ ማለትም ኪሎ ማውረድ በማያስፈልገው ምድብ። ግን የልምምድ ጓደኛው ኬን ቬላስኬዝ የሄቪዌቱ ሻምፒዮን ነበር። ከጓደኛዬ ጋር አልደባደብም ብሎ ነው ወደ 93 የወረደው። ለጓደኝነት ሲል ያንኑ አንዴ ኩላሊቱን ያሳጣውን መንገድ እንደገና ገባበት።

ብቻውንም አይደለም። ከቡፋሎው ፎጣ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 2017፣ ኻቢብ ኑርማጎሜዶቭ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከቶኒ ፈርግሰን ጋር ለጊዜያዊ ቀበቶ ሊገጥም ነበር። በሚዛኑ ዋዜማ ሆስፒታል ገባ፣ ግጥሚያው ተሰረዘ። ሴፕቴምበር 2022 ላይ ደግሞ ካምዛት ቺማየቭ ለ171 ፓውንድ 178.5 መዝኖ መጣ። ከኔት ዲያዝ ጋር የነበረው ዋናው ግጥሚያ ፈረሰ፤ በአንድ ቀን ውስጥ የተጋጣሚዎቹ ዝርዝር እንዳለ ተቀያየረ። ሚዛን የሳተ ተፋላሚ ከክፍያው ብዙ ጊዜ 20 ወይም 30 በመቶ ለተጋጣሚው ይሰጣል። ብራዚላዊው ቻርልስ ኦሊቬራ በሜይ 2022 የቀበቶ ባለቤትነቱን ያጣው በግማሽ ፓውንድ ነው፤ ሩብ ኪሎ ገደማ።

እነዚህ ግን እድለኞቹ ናቸው፤ በሕይወት አሉ።

በሴፕቴምበር 2013 ብራዚላዊው ሊያንድሮ ሱዛ፣ የ26 ዓመት ወጣት፣ ሪዮ ውስጥ ለሚዛን ሲዘጋጅ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ዲሴምበር 2015 ላይ ቻይናዊው ያንግ ጂያንቢንግ ማኒላ ውስጥ ለዋን ቻምፒየንሺፕ ግጥሚያ ኪሎ ሲያወርድ ቆይቶ ሞተ። 21 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ኬጅ ውስጥ አልገቡም። ማንም አልመታቸውም።

ለምን ይገድላል? ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውና ማዕድናት ይዞ ነው የሚወጣው። ልብ በሥርዓት የሚመታው በነዚሁ ማዕድናት ነው። ውሃ ሲያልቅ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብ ያለችውን ለማዳረስ ትሮጣለች፣ ኩላሊት የሚያጣራው ደም ያጥረዋል። አካላችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ አልቆ ሳውና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውስጡ መቀቀል ይጀምራል። ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ከሚዛን በኋላ መጠጣቱም ሁሉን ነገር አይመልስም። ሆድ ውሃ ስለሞላ አካል ውስጥ ያለው ሁሉ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት አይደለም። ሐኪሞች ከሚሰጉት አንዱ የአንጎል ነገር ነው፤ በቅጡ ያላገገመ ሰው በማግስቱ ጭንቅላቱን ሊመታ ነው የሚገባው። ድሮ ከሚዛን ወርደው ግሉኮስ ያስተክሉ ነበር። በዩኤፍሲ ይህ በኦክቶበር 2015 ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም በግሉኮስ ስም የተከለከለ መድኃኒትን ከደም ውስጥ ማጠብ ይቻላል። የተለመደው መንገድ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው፤ ሕጻናት ሲያስቀምጣቸው የምንሰጠውን ኦአርኤስ ዓይነት።

መፍትሔ አለ ወይ?

አለ። ያውም ተሞክሮ የታየ።

በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ሦስት የዩኒቨርሲቲ የነጻ ትግል ተማሪዎች ኪሎ ሲያወርዱ ሞቱ። የኮሌጅ ስፖርቱ ኃላፊዎች ደነገጡ። ሳውናና የላስቲክ ልብስ ተከለከለ። ሚዛኑ ወደ ውድድሩ ሰዓት ተጠጋ፤ ጊዜ ከሌለ ውሃ አውጥቶ መመለስ ትርፍ የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድድሩ ሳይጀምር የእያንዳንዱ ተማሪ ስብና የውሃ መጠን ተለክቶ «ከዚህ በታች አትወርድም» የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ዋን ቻምፒየንሺፕም ከያንግ ሞት በኋላ ውሃ እያወጡ ኪሎ ማውረድን ከለከለ። ተፋላሚ ሚዛን ላይ ብቻ ሳይሆን ሽንቱንም ይመረመራል፤ ሽንቱ ውሃ እንደጎደለው ካሳየ ኪሎው ቢደርስም አላለፈም። ምድቦቹንም ወደ ላይ ገፋቸው። ልዩነቱን ለማየት ዲሜትሪየስ ጆንሰንን እንውሰድ። በዩኤፍሲ የፍላይዌት ሻምፒዮን ሳለ 56.7 ኪሎ ይመዘን ነበር። በ2018 ወደ ዋን ሲሄድ እዚያም «ፍላይዌት» ሆነ፤ ግን ገደቡ 61.2። ሰውዬው አልወፈረም። ስሙም ያው፣ ቁመቱም ያው። የተቀየረው ሚዛኑ ስለሱ የሚናገረው ነገር ነው። በእርግጥ ይሄም አሰራር ፍጹም አይደለም፤ እዚያም ሚዛን ወይም የሽንት ምርመራ የሚወድቁ አሉ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2017 ሌላ መንገድ ያዘች። በፍልሚያው ዕለት እንደገና ትመዝናለች፤ ከ10 በመቶ በላይ የመለሰውን ተፋላሚ «ከፍ ወዳለው ምድብ ውጣ» ትለዋለች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮሚሽኖች ማኅበር በምድቦቹ መሀል አዳዲስ ምድቦች አጸደቀ፤ 165፣ 175፣ 195 እና 225 ፓውንድ። ምክንያቱም ከ83.9 ወደ 93 ዘጠኝ ኪሎ ነው፤ መሀል ላይ ያለ ሰው ወይ ይጨመቃል ወይ ያንሳል። ዩኤፍሲ ግን አልተጠቀመባቸውም።

በኛ እይታ ትልቁ ነገር የሚዛኑ ሰዓት ነው። ከ2016 ጀምሮ ሚዛኑ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጠዋት መጥቷል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሰዎቹ ለማገገም ብዙ ሰዓት ያግኙ ተብሎ ነው። ግን ለመመለስ ብዙ ሰዓት ያለው ሰው ብዙ ለማውረድም ይደፍራል። በሩን የከፈተው ያ 30 ሰዓት ነው።

የወጡት ምን አገኙ?

ሕጉ እስኪቀየር ያልጠበቁም አሉ። ዳስቲን ፖሪየር በ2015 ከ65.8 ወደ 70.3 ወጣ፤ በ2019 ጊዜያዊ ቀበቶ ያዘ፣ በ2021 ማክግሪገርን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ሮበርት ዊተከር በ2014 ከ77.1 ወደ 83.9 ወጥቶ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ሚዛን የሳተው ቺማየቭም ወደ 83.9 ወጥቶ በ2025 ቀበቶውን ወሰደ። የአዴሳንያ ታሪክ እንደሚያሳየው መውጣት ለሁሉም አይሰምርም፤ ግን እነዚህ ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ አልተጎዱም፤ በልተው፣ ጠጥተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ገቡ።

ኮርሚየርስ? ከፎጣው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2018፣ ወደ ሄቪዌት ተመለሰ። ቁመቱ 1.80 ነው፤ ከፊቱ የቆመው ሻምፒዮን ስቲፔ ሚዮቺች 1.93። ሳውና የለ፣ ገንዳ የለ፣ ፎጣ የለ። በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። በሁለት ምድብ በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ለኛ ልጆች

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለወሬ ብቻ አይደለም። ቦክስና ቴኳንዶ እኛም ሀገር በኪሎ ነው የሚመደበው። ከውድድር በፊት ላስቲክ ለብሶ የሚሮጥ፣ ሁለት ቀን ውሃ የሚተው፣ ስቲም ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ወጣት አይጠፋም። ቪዲዮ ላይ ያየውን ነው የሚያደርገው። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሰዎች ግን አጠገባቸው የምግብ ባለሙያና ሐኪም ይዘው ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ኩላሊታቸውን ያጡ፣ የሞቱም አሉ።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ኪሎ ማውረድ ካለባችሁ ከውድድሩ ወራት ቀድማችሁ፣ በምግብና በልምምድ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። በመጨረሻው ሳምንት አራት አምስት ኪሎ ትርፍ ካላችሁ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም፤ ምድቡ የናንተ አይደለም። ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን በጭራሽ። ብቻችሁን ስቲምና ሳውና ውስጥ በጭራሽ። ራስ ካዞራችሁ፣ ላብ ካቆመ፣ ልብ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ሽንታችሁ ሻይ ከመሰለ ወዲያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። አሰልጣኞች ደግሞ አደራ፤ ልጁ ቢሸነፍ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል።

እኛም ከዛሬ ጀምሮ «የ70 ኪሎው ተፋላሚ» ስንል «አርብ ጠዋት 70 የነበረው» ማለታችን እንደሆነ ያዙልን።

እናንተስ? ሚዛኑ በፍልሚያው ዕለት ይሁን ትላላችሁ ወይስ እንዳለ ይቀጥል? ኪሎ አውርዳችሁ የተወዳደራችሁ ካላችሁ ያሳለፋችሁትን ጻፉልን። ለሚወዳደር ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። ሰላም ሁኑ!